ሰኔ 31 ቀን የተጻፈ ደብዳቤ

ሚሳኤል ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ደስ ያለው ለምንድን ነው? ያን ቀን ማንም ቢጠይቀው መልስ አልነበረውም። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሴትዮ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ የሠላሳ ዓመት ቤታቸው ሊሄድባቸው ነው። የሐምሌ ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል። ደህና ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ፊቱ ይጠቁራል። እሱ ግን ፈገግታው እንዳይታይበት ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ ያዘው።

ሴትዮዋ እትዬ በቀለች ናቸው። ሚሳኤል ነፋስ ስልክ ሲያድግ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን በየዓመቱ የሰፉለት እሳቸው ነበሩ፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱ ልጅ ለውዳሴም። ባለቤታቸው ጋሽ እንግዳ ከሞቱ ወዲህ መካኒሳ አቦ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ደብዳቤውን ዝናብ እንዳያገኘው በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ነው ያመጡት።

ከላይ በደማቁ «ውዳሴ ፊሊጶስ የጥብቅናና የሕግ ማማከር ቢሮ» ይላል። ቀጥሎ «ቁጥር ውፊ/0147/17፣ ቀን ሰኔ 31 ቀን 2017 ዓ.ም.»። ከዚያ ነገሩ ይመጣል፦ የጋሽ እንግዳ ወንድም ወራሾች በቤቱ ላይ የድርሻ ጥያቄ አንስተዋል፤ ጉዳዩ ያለ ክስ በስምምነት እንዲያልቅ ወይዘሮ በቀለች የቤቱን ዋና ካርታ ለማጣሪያ ያስረክቡ፤ ካልሆነ ፍርድ ቤቶች ለክረምት ከመዘጋታቸው በፊት ክስ ይመሠረታል። ከታች የስልክ ቁጥር፣ ፊርማ፣ የስም ቲተር፣ ክብ ሐምራዊ ማህተም።

«ጋሽ እንግዳ ወንድም ነበራቸው?» አለ ሚሳኤል።

«ነበራቸው። ካርቱም ሄደው ቀሩ ሲባል ነው የማውቀው። ይውለዱ አይውለዱ ማን ያውቃል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።» እትዬ በቀለች ደብዳቤውን ላለመንካት እጃቸውን ሰበሰቡ። «የገረመኝ ግን ውዳሴ ናት። የጥምቀት ቀሚሷን የሰፋሁላት ልጅ እንዲህ ታደርገኛለች?»

«ጠበቃ ናት፣ እትዬ። ጠበቃ ደንበኛው ያለውን ነው የሚጽፈው» አለ። ለውዳሴ የሚከራከርላት ይመስላል። አነጋገሩ ግን አፉ ውስጥ ጣፈጠው።

«እስቲ ደውልና ጠይቅልኝ። አብራችሁ አይደል ያደጋችሁት?»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የውዳሴ ቁጥርም ስልኩ ውስጥ ነበር። ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ከእሱ ጋር እንደማይገጥም ሚሳኤል ወዲያው አይቷል፤ ለቢሮዋ አዲስ መስመር አውጥታ ይሆናል አለና አለፈው። ስልኳ እንኳ ሁለት መሆኑ ደግሞ ቆጨው።

እንዲያውም መደወልም አያስፈልግም ነበር። የውዳሴ ቢሮ ከእሱ ቢሮ ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

ሚሳኤል ከሮተርዳም የተመለሰው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣ የባሕር ንግድ ሕግ ተምሮ፣ በሁለተኛ ዲግሪ መጣ። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ተከራየ። ውሉን ፈርሞ ቁልፉን ከተረከበ በኋላ መስኮቱን ሲከፍት ነው ከመንገዱ ማዶ የውዳሴን ታፔላ ያየው። ታፔላው ከመንገድ የሚታይ፣ ማታ የሚበራ ነው። የሕንጻው ጥበቃ ጋሽ ደገፋ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደተማረ ጠይቀውት ሲነግራቸው፣ ትንሽ አሰቡና «እና ባሕሩ እስኪመጣ ምን ልትሠራ ነው?» አሉት። ለማሾፍ አልነበረም። ከልባቸው ተጨንቀውለት ነው። እሱ ነው የባሰው።

ትምህርት ቤት ሳሉ እሱ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። እሱ ሲሄድ እሷ እዚሁ ቀረች፤ እዚሁ ተማረች፣ የሰው ቢሮ ውስጥ ፋይል ተሸከመች፣ በየችሎቱ ኮሪደር ቆመች። ሲመለስ ደረጃው እንደተወው የሚጠብቀው መስሎት ነበር። አሁን ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ በሩን ያንኳኳና «የወይዘሪት ውዳሴ ቢሮ ይኼ ነው?» ይላል። ሚሳኤልም ወደ መስኮቱ ወስዶ ያሳያል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ማዶ ኮሪደሯ ላይ የተደረደሩት ጃንጥላዎች ይታያሉ። ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንድ ቀን አሥራ ሁለት። እንዳያያቸው ጠረጴዛውን አዞረ። ጀርባውን ለመስኮቱ ሲሰጥ ደግሞ ስንት እንደደረሱ ያሳስበዋልና መልሶ ያዞራል።

«አቶ ሚሳኤል፣ ጠረጴዛው ደግሞ ዞረ?» ትለዋለች ጸሐፊው እድላዊት።

«ብርሃኑ አልተስማማኝም» ይላል።

ስለዚህ እትዬ በቀለች ደውልላት ሲሉት፣ ያ ሁሉ ጃንጥላ ፊቱ ድቅን አለ። ደውሎ «ውዳሴ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ልጠይቅሽ ነበር» ሊላት ነው? እንደ ለማኝ? አሁን ገና ፊት ለፊት የሚገጥሙበት መዝገብ በእጁ ገብቷል። ያውም እሷ ባልቴት ቤት ላይ የመጣች ሆና፣ እሱ የሚያድን ሆኖ።

«በስልክ አይሆንም» አለ። «ጠበቃ ለጠበቃ በጽሑፍ ነው የሚነጋገረው። እርስዎ አይጨነቁ፤ እኔ እመልስላታለሁ።»

«አንተ ካልክ» አሉ እትዬ በቀለች። «ውጭ የተማርከው አንተ ነህ።»

መልሱን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀበት። እድላዊት ልተይበው ብትለው «ተዪው» አላት። እድላዊት የማታ ሕግ ትማራለች፤ ውዳሴ አንድ ቀን ኮሌጃቸው መጥታ ከተናገረች ወዲህ ስሟን ሳታነሳ አትውልም። ደብዳቤውን ብታይ «ለምን አንሻገርም?» ማለቷ አይቀርም። ሚሳኤል ራሱ ተየበ። «ሰኔ 31 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር ውፊ/0147/17 የጻፋችሁልን ደብዳቤ ደርሶናል» ብሎ ጀመረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ ጠቀሰ፣ የይርጋን ነገር አነሳ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሰረዘ፣ መልሶ ጻፈው። ውዳሴ ይህን ስታነብ ቅንድቧ ከፍ ሲል ታየው።

በአርማው ወረቀት ላይ አተመው። አርማው መልህቅ ነው፤ ሮተርዳም ሳለ ያሠራው። ፈረመ፣ ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ረገጥ አድርጎ መታ። ከጥብቅና ፈቃዱ ኮፒና ከእትዬ በቀለች ውክልና ጋር በቀለም ስካን አድርጎ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ቁጥር በቴሌግራም ላከው።

መልሱ ግማሽ ሰዓት አልቆየም።

«የተከበሩ የሙያ ባልደረባችን አቶ ሚሳኤል፦ ደብዳቤዎ ደርሶናል። ያነሷቸው የሕግ ነጥቦች በሳልና ጥልቅ መሆናቸውን ተገንዝበናል። በጥሞና ተመልክተን እንመለስበታለን።»

አራት ጊዜ አነበበው። «በሳል» የሚለው ላይ ቆየ። ውዳሴ በልጅነታቸው «ጉረኛ» ነበር የምትለው፤ የተከበሩ ብላው አታውቅም። እንግዲህ በሥራ ሲመጣባት ታከብራለች ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ለእድላዊት ማኪያቶ አስመጣላት።

«ምን ተገኘ?» አለችው።

«ምንም። ጠጪ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ፣ እትዬ በቀለች ደወሉ። ድምፃቸው ቀለል ብሏል።

«ሚሳዬ፣ ሰጠሁ። ተገላገልኩ። እግዜር ይስጥህ።»

«ምኑን ሰጡ?»

«ካርታውን ነዋ።»

«ለማን?»

«ላንተ ሰው። ለላክሃት ልጅ። ደብዳቤህን ይዛ መጥታ የለ።»

መካኒሳ አቦ በታክሲ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። እትዬ በቀለች በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ወረቀቱን ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ አውጥተው ሰጡት። የእሱ ወረቀት ነው። መልህቁ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ማህተሙ አለ። «ከወይዘሪት ውዳሴ ፊሊጶስ ቢሮ ጋር በተደረሰው ስምምነት መሠረት ዋናውን ካርታ ለዚህ ደብዳቤ አምጪ ያስረክቡ» ይላል።

«ይህን እኔ አልጻፍኩም።»

«መልህቅህን አይቼ ነው እኮ የሰጠሁት» አሉ። «ማህተሙንም በጣቴ ዳሰስኩት። ልጅቷ ሥርዓት ያላት ናት፤ አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፤ ጉንጬን ስማኝ ነው የሄደችው።» ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «አልጻፍክም ማለት ምን ማለት ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይነቃ ነበር። ሚሳኤል ውስጥ ግን ያቺ ባለፈው ሳምንት የገባችበት ደስታ ድንገት ጉልበት አገኘች። ፊርማውንና ማህተሙን የላከው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለውዳሴ። ያ ሁሉ ጃንጥላ፣ ያ የሚበራ ታፔላ በዚህ የተገኘ ነው ማለት ነው። ተያዘች። አንደኛ የወጣው ሰው ማን እንደነበረ አሁን ይታወቃል።

«ይነሱ፣ እትዬ። አብረን እንሂድ» አለ።

አስፋልቱን በዝናብ ተሻገሩ። የውዳሴ ሕንጻ መግቢያ ላይ በፕላስቲክ የተለበጠ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሚሳኤል በጥድፊያ አለፈው። እትዬ በቀለች ቆም ብለው መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ሲፈልጉ «ኋላ ያነቡታል» ብሎ ክንዳቸውን ያዛቸው።

ውዳሴ ከጠረጴዛዋ ተነሳች። «ሚሳ። ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለችና እትዬ በቀለችን ልትስም ሄደች። እትዬ በቀለች ጉንጫቸውን አሸሹ። የውዳሴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ሚሳኤል ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር፣ ስለ ባልቴት፣ ስለ ነፋስ ስልክ። ጀመረው። ውዳሴ አላቋረጠችውም። እያነበበች ስለነበር ሳይሰማት አይቀርም። ሲጨርስ ከኋላዋ ካለው ቁም ሳጥን አንድ ክላሰር አውጥታ ከፈተች።

«ይሄ ሰባተኛው ነው» አለች።

ክላሰሩ ውስጥ ስድስት ደብዳቤዎች ነበሩ። ሁሉም በእሷ አርማ፣ በእሷ ፊርማ፣ በእሷ ማህተም። አንዱ ከከተማው ዳር ቀርሳ ላለ ገበሬ፣ አንዱ ጎፋ ላለ ጡረተኛ፣ ሁሉም ካርታ የሚጠይቁ።

«ማህተሙን ከድሮ ውል ላይ ነው ያነሱት። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው፤ አየኸው? ያ ማህተም ወድቆ ተሰብሮ ከቀየርኩት ዓመት አልፎታል። ለፖሊስ አመልክቻለሁ። በሩ ላይም ለጥፌያለሁ።» ጣቷን ደብዳቤው ራስጌ ላይ አሳረፈች። «ቀኑንስ አንብበኸዋል?»

«ሰኔ ሠላሳ አንድ» አለ ሚሳኤል። አፉ ሲለው ነው ጆሮው የሰማው።

ሮተርዳም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሠላሳ አንድ ቀን ባላቸው ወሮች ደሞዝ ተቀብሏል፣ ኪራይ ከፍሏል፣ ቀጠሮ ይዟል። ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ሲያልፍ ምንም አልጎረበጠውም ነበር።

«እኔስ ዓይኔ ነው» አሉ እትዬ በቀለች ቀስ ብለው። «መነጽር አላደረግኩም። አንተ ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ? ወር ሠላሳ አይደለም እንዴ?»

ውዳሴ ስልኩን ጠየቀችው። የላከውን መልስ ከቴሌግራሙ ላይ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ የይርጋውን አንቀጽ፣ «ሰኔ 31 ቀን የጻፋችሁልን» የሚለውን፣ ፈቃዱን፣ ማህተሙን፣ «በሳልና ጥልቅ» የሚለውን ምላሽ። እሱ ስትስቅ ጠብቆ ነበር። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለው ነበር።

«ከሰባቱ መልስ የጻፈላቸው አንተ ብቻ ነህ» አለች። «ሌሎቹ ወይ ደወሉ፣ ወይ እዚህ ድረስ መጡ። ገበሬው ከቀርሳ በእግሩ ነው የመጣው። አንተ ለምን አልደወልክልኝም፣ ሚሳ?»

«ሥራ በዝቶብኝ» አለ።

ዓይኗ ሳታስበው ወደ መስኮቱ ሄደና ተመለሰ። ሚሳኤልም አብሮ ዞሮ አየ። ከዚህ ሆኖ ሲያዩት የእሱ ቢሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ አንድም ጃንጥላ የሌለበት ኮሪደሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷም ስታየው ኖራለች ማለት ነው።

የዝናብ ቦቲዋን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አጠለቀች።

«እትዬ፣ ካርታው ከእጅዎ የወጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሦስት ተኩል ቢሆን ነው።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን። እግድ እናስወጣበታለን። ማንም ቤቱን መሸጥ መለወጥ እንዳይችል።»

«ቀሚስሽን የሰፋሁልሽ ልጅ» አሉ እትዬ በቀለች፤ አሁን ነው ያለቀሱት። «ጉንጬን ነሳሁሽ።»

«ሁለተኛውን ይስጡኝ» አለች ውዳሴና ስማቸው ወጣች።

ማመልከቻውን ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ክላሰሩን ክንዷ ላይ አስደግፋ በእጇ ጻፈችው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሚሳኤል ጃንጥላ ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ልጨምርበት ብሎ አንድ ነገር ፈለገ፤ የሚጨመር አልነበረም። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት «ውዳሴ፣ ለክረምት ልንዘጋ ስንል ነው የምትመጪው?» ብላ ቀለደችባትና ተቀበለቻት። የእግዱ ትእዛዝ አሥር ሰዓት ሳይሆን ይዞታ መዝገብ ቤት ገባ። ትእዛዙ ሲገባ ሚሳኤል ስለ እትዬ በቀለች መደሰት ይገባው ነበር። ተደሰተም። ነገር ግን እዚያው ደስታው ሥር የእጅ ጽሑፏ አምሮ ታየውና ቀናበት። በዚያ ሰዓት እንኳ።

ቤቱ ተረፈ። በማግሥቱ አንድ ሰው ያንኑ ካርታና በሐሰት የተሠራ ውክልና ይዞ ስም ሊያዛውር መጥቶ፣ ፋይሉ ታግዷል ሲሉት መኪናዬን ላስተካክል ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። እትዬ በቀለች በጠፋው ምትክ ሌላ ካርታ እንዲሰጣቸው አመለከቱ። ለዚህኛው ጉዳይ ጠበቃቸው ውዳሴ ናት። ለሚሳኤል ደውለው ራሳቸው ነገሩት፤ «አይከፋህም አይደል፣ ሚሳዬ?» አሉት። «አይከፋኝም» አላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። የላፍቶ ነጋዴ ነው። ካርታ አስረክብ የሚል ደብዳቤ ይዟል፤ ከላይ መልህቅ አለው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። ከዚያ እየበዙ ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃንጥላዎች ተደረደሩ፤ ውኃቸው በደረጃው ቁልቁል ሲወርድ ጋሽ ደገፋ በመወልወያ ይከተሉታል። «ባሕሩ መጣልህ መሰለኝ» አሉት።

እድላዊት ማስታወቂያ አዘጋጅታ በሩ ላይ ለጠፈች። እሱን ቀና ብላ ሳታየው «ዛሬ ዘጠኝ ሰው» አለችው። ሚሳኤል ዘጠኝ የሚለውን ሲሰማ ውስጡ የሆነች ነገር ደስ ልትሰኝ ቃጣት። ስሙ ለመሰረቅ በቃ ማለት ነው። ወዲያው ግን ትዝ አለው፤ የውዳሴን ሰረቁት፣ የእሱን ግን ራሱ በቀለም ስካን አድርጎ ነው የሰጣቸው።

ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ማዶ ውዳሴ ቆማ ከሰው ጋር ስታወራ ይታያል። በሷ ጥያቄ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ ነው የሰነበተው። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ለምን ደስ እንዳለው ያወቀው የዚያን መልስ ሲፈልግ ነው፤ የሁለቱም መልስ አንድ ሆኖ አገኘው። ስልኩን አነሳ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ። የይርጋውን አንቀጽ ሲጽፍ እንኳ እንዲህ አልደከመም። ቀኑ ሐምሌ ሠላሳ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር ሁለት ጊዜ አየው። ነገ ነሐሴ አንድ ነው፤ ፍርድ ቤትም ይዘጋል።

«ውዳሴ፣ ለምን አልደወልክልኝም ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ደብዳቤው እውነት የአንቺ እንዲሆን ፈልጌ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ጥፋተኛ ሆነሽ ላይሽ ፈልጌ ነበር።»

ላከው። ማዶ ውዳሴ ንግግሯን ሳታቋርጥ ስልኳን ከጠረጴዛው አንስታ ስታይ አየ። መልእክቱ ሥር ያለችው አንዷ ምልክት ሁለት ሆነች፤ አንብባዋለች። ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጠበቀ።

ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤት ተከፈተ፤ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ፣ አቶ ሚሳኤል» ብላው በትሕትና ታልፋለች። እሱም ካለፈች በኋላ ስልኩን አውጥቶ ያያል። መልእክቱ እዚያው ነው፤ ሁለቱ ምልክቶችም እዚያው ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ቦታ ባዶ ነው።